ከል የለበሰ መሬት

አክስቴ የዓይናቸውን ሞራ ለማስገፈፍ ከወሎ መጥተው እኛ ቤት ሰነበቱ። ሕክምናው ተሳካላቸው። ፋሻው በተነሣ ማግስት ቤቱን እንደ አዲስ ሙሽራ ይዞሩት ጀመር። መጋረጃውን ይዳስሳሉ፣ ጀበናውን ያገላብጣሉ፣ የባለቤቴን ነጠላ ጥለት ወደ መስኮቱ አስጠግተው «ለካ ይሄ ሐምራዊ ኖሯል!» ይላሉ። ሁለት ሦስት ዓመት ዓለምን በጉም ውስጥ ሲያይ ለኖረ ሰው ቀለም ማየት ራሱ ድግስ ነው።

እንዲህ ሲሉ ሲሉ ሳሎን ከተሰቀለው ትልቅ ፎቶግራፍ ፊት ደረሱና ቀጥ አሉ። ቀረብ አሉ፣ ራቅ አሉ። ዓይናቸውን ሊያሹ እጃቸውን ሲያነሡ የሐኪሙ ትእዛዝ ትዝ አላቸውና ተዉት።

«ይሄኛውን ደግሞ ምን ነካው? ዓይኔ ነው ወይስ ግድግዳው?»

ፎቶግራፉን ያነሣው የእህቴ ልጅ ነው። ሐምሌ ላይ አክስቴ ቀዬ ድረስ ወርዶ ከቤታቸው ማዶ ያለውን ተዳፋት በዲጂታል ካሜራ አነሣው። ከዚያ አዲስ አበባ ተመልሶ በኮምፒዩተሩ ቀለሙን አወጣና ጥቁርና ነጭ አደረገው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ደመናው እንደ ባዘቶ ነጥቷል፣ ተራራው ግራጫ ለብሶ ቆሟል። ያምራል፣ አልዋሽም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የጃንሆይ ጊዜ ፎቶ ነው?» ይለናል። ልጁም ይሄን ሲሰማ ደስታውን አይችለውም።

«የእርስዎው ማዶ ነው እኮ፣ እትዬ» አላቸው።

«የኛ ማዶ? ታዲያ ማን ሞቶ ነው ከል ያለበስከው?»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። አሁንም ፎቶግራፉን እያዩ ነው።

«እሺ፣ ከሉስ ይሁን። እርከኑስ? እርከናችንን የት አደረስከው?»

ይሄኔ ሳቁ ቆመ። የእርከኑን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለና። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ በነበሩት ዓመታት አክስቴና ጎረቤቶቻቸው ለስንዴና ለዘይት እየሠሩ በዚያ ተዳፋት ላይ ድንጋይ በድንጋይ የካቡት ነው። የጀርባቸው ሕመም እስከ ዛሬ ሰበቡ ያ ድንጋይ ነው ይላሉ። ብድግ ብዬ ፎቶግራፉን በመነጽሬም ያለ መነጽሬም አየሁት። እውነታቸውን ነው። እርከን የሚባል ነገር የለም። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ግራጫ ገላጣ ነው።

ልጁ በፈጣሪ ስም ማለ፣ ተገዘተ። «አንድም ነገር አልፋቅኩም፣ እትዬ! ቀለሙን ብቻ ነው ያወጣሁት!»

ታዲያ ቀለም ሲወጣ እርከን አብሮ የሚወጣው እንዴት ሆኖ ነው? ይህች ጥያቄ ሰሞኑን ይዛኝ ከረመች። መልሷ ወደ 180 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይዛን ትሄዳለችና ወዳጆቼ አብራችሁኝ አዝግሙ። (ካሁን በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አብዛኞቻችን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለም ሲቀነስ የሚተርፍ እውነት ይመስለናል። እኔም ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ለተማሪዎቼ ሰምና ወርቅን ሳብራራ ይህንኑ ምሳሌ አመጣ ነበር። ቀለሙ ሰም ነው፣ ቅርጹ ወርቅ ነው፣ ሰሙን አቅልጡት ወርቁ ይቀራል እል ነበር። አሁን ሳስበው ተሳስቼ ነው ያሳሳትኳቸው። ግራጫው ከቀለሙ ሥር ተደብቆ የሚጠብቀን ነገር አይደለም። ለእያንዳንዱ ቀለም «አንተ ይህን ያህል ጥቆር፣ አንተ ይህን ያህል ንጣ» ብሎ የሚደለድል አንድ ዳኛ አለ። የፎቶግራፍ ታሪክ ከአንድ በኩል ሲታይ የዚያ ዳኛ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ዳኛ ኬሚስትሪ ነበር። ፎቶግራፍ በ1839 ፓሪስ ላይ ለዓለም ይፋ ሲሆን ብርሃኑን የሚቀበለው የብር ጨው ነው። ይህ የብር ጨው ደግሞ ዓይኑ እንደኛ ዓይን አይደለም። ሰማያዊን አጥርቶ ያያል፣ አረንጓዴንና ቢጫን በጨረፍታ ያያል፣ ቀይን ግን ጭራሽ አያየውም። የድሮ ፎቶ ቤት የገባ ሰው ፎቶው የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል በቀይ አምፖል ሲበራ አይቶ ይሆናል። ወረቀቱ ቀዩን ስለማያየው ለሱ ጨለማ ነው፣ ለሠራተኛው ግን መብራት ነው።

በዚህ ዳኛ ፊት ሰማይና መሬት እኩል ፍርድ አያገኙም። ፎቶ አንሺው ለዛፉና ለአፈሩ የሚበቃ ጊዜ ከሰጠ ሰማዩ በብርሃን ይጥለቀለቅና ባዶ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ደመናው ይጠፋል። ለሰማዩ ከሰሰተ ደግሞ መሬቱ ይጨልማል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ አጋማሽ የባሕር ፎቶግራፎቹን ሲሠራ መላ ዘየደ። ባሕሩን ለብቻ፣ ሰማዩን ለብቻ አነሣና ሁለቱን ኔጋቲቮች አንድ ወረቀት ላይ አተማቸው። በ1857 ያሳተመው «ታላቁ ሞገድ» የተባለው ዝነኛ ሥራው እንዲህ የተሰፋ ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር ሰማይ ቀየሩ ብለን የምንወቅሳቸው ወጣቶች እንግዲህ አያት አላቸው ማለት ነው።

ከለ ግሬ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ይኸው ዳኛ እኛም አገር መጣ። የመጣው ከጦር ጋር ነው። በ1868 ጄኔራል ናፒየር አጼ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከዙላ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ፣ ዝሆንና በቅሎ ከጫነው ኮተት መካከል የእንግሊዝ ወታደራዊ መሐንዲሶች የፎቶግራፍ መሣሪያም ነበረበት። ሥራው የዋዛ አልነበረም። መስታወት ላይ ኮሎዲዮን የሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይቀባል፣ በብር ጨው ይነከራል፣ ገና እርጥብ ሳለ ይነሣበታል፣ ሳይደርቅ ደግሞ እዚያው ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ አለበት። ፀሐዩንና አቧራውን ጨምሩበት።

የነዚያን ፎቶግራፎች ቅጂ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ገደሉ አለ፣ አምባው አለ፣ ድንኳኑ አለ፣ ሰማዩ ግን ወረቀት ነው። ከዚያ በታች ያለው ምድር ደርቆ፣ ነጥቶና ጠቁሮ የሚታይ ነው። ቀዩ አፈርና አረንጓዴው ቅጠል በዚያ መስታወት ላይ ሁለቱም ወደ ጨለማ ስለሚያዘነብሉ፣ ችኩል ሰው ጥቁሩን ሁሉ ደን፣ ነጩን ሁሉ በረሃ ብሎ ሊያነብበው ይችላል። እንዲህ ያለው ንባብ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ትልቅ አገራዊ ክርክር ያለበት ነው።

ከትምህርት ቤት ጀምሮ «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለውን ያልሰማ አለ? እኔ ራሴ በዚህ ዓምድ ሳልጽፈው አልቀርም። ታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ማካን በ1990ዎቹ ይህን ቁጥር ተከታትሎ መርምሮ የተደገፈበት ጽኑ ማስረጃ እንደሌለ አሳየ። ከዚያ በኋላ የቤልጂጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፈር ያን ኒሰን፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ምትኩ ኃይሌና ባልደረቦቻቸው የ1868ቱን ፎቶግራፎች ይዘው ወጡ። በሰሜን ኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ከተነሡት ሁሉ ጥንታዊ የሚሏቸው እነዚህኑ ነው። አሥራ ሦስቱን ቦታዎች ፈልገው አገኙና የጥንቱ ፎቶ አንሺ የቆመበት ላይ ቆመው በ2008 እንደገና አነሷቸው። የጥንቶቹም የአሁኖቹም በበጋ የተነሡ ናቸው። ከዚያም ጥንድ ጥንዱን ጎን ለጎን አኑረው አመሳከሩ።

በ2009 ያሳተሙት ውጤት ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነበር። በነዚያ አሥራ ሦስት ቦታዎች የዕፅዋቱ ሽፋን በ1868 ከነበረው ተሻሽሎ ተገኘ። የሕዝቡ ቁጥር አሥር እጥፍ ገደማ ጨምሮ ሳለ! አንዱ ምክንያት ባሕር ዛፍ ነው፤ ሌላው በየቦታው እንደገና ያቆጠቆጠው አገር በቀል ዛፍና ቁጥቋጦ ነው። ከዚህም ሌላ አፈሩን አቅፎ የያዘው እርከን አለ። እንግዲህ ምድሪቱ በአያቶቻችን ጊዜ ገነት ነበረች፣ እኛ አራቆትናት የሚለው ለቅሶ ቢያንስ እዚያ አካባቢ እውነት አልሆነም። ይህ ማለት ግን በአገሪቱ የትም ደን አልጠፋም ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ደቡብና ምዕራቡ የራሱ ሌላ ታሪክ አለው።

እዚህ ላይ የአክስቴ ጥያቄ ትመለሳለች። በሰው ጉልበት የተካበ እርከን የአንድ አገር ታሪክ ማስረጃ ከሆነ፣ አንድ ፎቶግራፍ እርከኑን ሲውጠው የዋጠው ቀለም ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ወደ ዳኛችን እንመለስ። በ1873 ጀርመናዊው ሄርማን ፎገል በብር ጨው ላይ የቀለም ንጥረ ነገር ጨምሮ መስታወቱ አረንጓዴን ማየት እንዲጀምር አደረገው። በ1906 ደግሞ ቀይን ሳይቀር ሁሉንም ቀለም የሚያይ መስታወት ለገበያ ቀረበ። ይህ ሲሆን ዳኝነቱ ከኬሚስትሪ ወደ ሰው እጅ ተሻገረ። ፎቶ አንሺው በሌንሱ ፊት ባለቀለም መስታወት እያስቀመጠ የፈለገውን ቀለም ማገድ፣ የፈለገውን ማሳለፍ ቻለ። ቀይ መስታወት ሰማያዊን ያግዳል፤ ሰማዩም ይጠቁራል። አረንጓዴ መስታወት ቅጠሉን ያፈካል።

ከዚህ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ነው። በሚያዝያ 1927 ዮሰሚቲ በሚባለው ተራራማ ስፍራ ሃፍ ዶም የተባለውን ግዙፍ ገደል ሊያነሣ ሸክሙን ተሸክሞ ወጣ። ቢጫ መስታወት አድርጎ አነሣ። ወዲያው ግን የሚወጣው ፎቶግራፍ እሱ የተሰማውን እንደማይናገር ገባው። ሰማዩ ቀላል ግራጫ ሆኖ ገደሉን ያለዝበዋል። የቀረችው አንዲት መስታወት ነች። በደማቅ ቀይ ፊልተር አነሣባት። ሰማዩ ጥቁር ሆነ፤ ገደሉም ከጨለማ ውስጥ እንደ ግንብ ተገተረ። ዓይን ያየው ሰማይ ያ አልነበረም። አዳምስም ዓይኔ ያየው ነው አላለም፤ የተሰማኝ ነው አለ።

ይኸው ሰው በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከአንዲት መንደር በላይ የወጣችውን ጨረቃ አነሣ። ከዚያች አንዲት ኔጋቲቭ በሕይወት ዘመኑ ከአንድ ሺህ በላይ ቅጂ አተመ። የመጀመሪያዎቹ ላይ ሰማዩ ግራጫ ነው፤ ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ ግን እያጠቆረው፣ እያጠቆረው ሄዶ በመጨረሻ ጥቁር ከፋይ አስመሰለው። ኔጋቲቭን ከዜማ ጽሑፍ ጋር፣ ኅትመትን ከጨዋታው ጋር ያመሳስል ነበር። እኛም አገር ቢሆን ድጓው አንድ ነው፤ ማኅሌቱ ግን እንደ መሪጌታው ነው።

ባለቀለም ፊልም በ1930ዎቹ አጋማሽ ለገበያ ከበቃ ወዲህ ጥቁርና ነጭ የግድ መሆኑ እየቀረ ምርጫ ሆነ። ብራዚላዊው ሴባስቲያዎ ሳልጋዶ ለምሳሌ በ1980ዎቹ አጋማሽ የኛን ረሃብ ያነሣው በጥቁርና ነጭ ነው። ቀለም ዓይንን ወደማይሆን ቦታ ይስበዋል የሚል ሰው ነበር። በ2013 ያሳተመውን «ዘፍጥረት» የተባለ የመልክዓ ምድር መጽሐፉን ሲሠራም መጀመሪያ በፊልም፣ ኋላም በዲጂታል ካሜራ እያነሣ ሁሉንም በጥቁርና ነጭ አወጣው። ዲጂታል ካሜራ በተፈጥሮው ቀለም ያያል። ስለዚህ ግራጫው የሚመጣው ቀለሙ ከተያዘ በኋላ፣ ሰው ቁጭ ብሎ በሚሰጠው ፍርድ ነው።

ሰው ካልፈረደ ግን ማሽኑ ይፈርዳል። ለኮምፒዩተር እያንዳንዷ የፎቶ ነጥብ ሦስት ቁጥር ነች፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ወደ ግራጫ ለውጥ ሲሉት በብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀምበት ቀመር በ1950ዎቹ ለቴሌቪዥን የተቀመረው ነው። ከቀዩ 30 በመቶ፣ ከአረንጓዴው 59 በመቶ፣ ከሰማያዊው 11 በመቶ ወስዶ ይደምራል። የሰው ዓይን ለአረንጓዴ ይበልጥ ንቁ ስለሆነ ነው። ቀመሩ ቀና ይመስላል። እስቲ ግን ሰንደቅ ዓላማችንን አስገቡበት። ቢጫው ፈክቶ ይወጣል፤ አረንጓዴውና ቀዩ ግን ለመለየት እስኪቸግር ድረስ መንትያ ጥቁር ግራጫ ይሆናሉ። የጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ዘመን ልጆች ይህን አይተነዋል። በ1868ቱ መስታወት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቢጫውም ባልተረፈ ነበር።

እንግዲህ የእርከኑ ሌባ ተያዘ። የእህቴ ልጅ ያነሣው በሐምሌ ነው። ተዳፋቱ ለጤፍ ደጋግሞ የታረሰ ቀይ አፈር ነው፤ በእርከኖቹ ጠርዝ ላይ የበቀለው ሣር ደግሞ ለምለም አረንጓዴ ነው። በዓይን ሲታይ እንደ ጥለት የተለየው ነገር በቀመሩ ውስጥ ሲያልፍ አንድ ግራጫ ሆነ። ልጁን ጠየቅሁት። ሰማያዊውን በጥንቃቄ ዝቅ አድርጎ ሰማዩን ማጥቆሩን፣ ሌላውን ግን ኮምፒዩተሩ እንዳወጣው መተዉን ነገረኝ። ለሰማዩ ግማሽ ቀን ተጨንቋል። ለመሬቱ አንድ ደቂቃ አልሰጠውም። ብቻውን ግን አልኮንነውም። ለ ግሬም አዳምስም የተጨነቁት ለሰማዩ ነበር። መሬት ላይ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ነው መጀመሪያ መሬቱን የሚያየው።

በዚያው ማታ ልጁ ላፕቶፑን ይዞ አክስቴ አጠገብ ቁጭ አለ። ባለቀለሙን ከፈተላቸው። «አዎ፣ ይኸውና!» አሉ። ከዚያ እንደገና ወደ ጥቁርና ነጭ መለሰውና በስክሪኑ ጎን የተደረደሩትን የቀለም መቆጣጠሪያዎች አንድ በአንድ ይነካካ ጀመር። አረንጓዴውን ከፍ፣ ቀዩን ዝቅ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር የማየው። ከዚያ ዝም ካለው ግራጫ ውስጥ መጀመሪያ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር ብቅ አለ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ተዳፋቱ ሁሉ አዲስ እንደተሠራ ሹሩባ መስመር በመስመር ሆነ።

አክስቴ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው ከታች ወደ ላይ ይቆጥሩ ገቡ። ይሄ የእነ እገሌ ነው፣ ይሄ ክረምቱ ንዶት እንደገና የካብነው ነው፣ እዚህ ጋ ትልቅ ድንጋይ ለማንከባለል ስድስት ሆነን ዋልን እያሉ። ልጁ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር የሚሰማቸው። ኋላ ላይ ግን እስክሪብቶ አምጥቶ ይጽፍ ጀመር። ለዓመታት ሊያነሣ የተመላለሰበትን ተራራ ገና ያን ማታ አየው ብል ማጋነን አይሆንም።

«አሁን መሬት ሆነ» አሉ በመጨረሻ። «ከሉን ግን አላወለቅክለትም።»

አዲሱ ቅጂ አሁን በአሮጌው ቦታ ተሰቅሏል። አሁንም ጥቁርና ነጭ ነው፤ እንግዶቻችን ግን «የጃንሆይ ጊዜ ነው?» ማለቱን ትተው «ይሄ ሁሉ እርከን የት አገር ነው?» ይላሉ። አክስቴ ሊሄዱ ሲሰናዱ ግን ባለቀለሙን አሳትሙልኝ አሉ። እኔም ነገረኛ ነኝና «በርዎን ከፍተው በየቀኑ የሚያዩትን ማዶ ፎቶው ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

«ለበጋ ነው» አሉኝ ነጠላቸውን እያጣፉ። «የካቲት ላይ ሁሉም ግራጫ ሲሆን፣ ሐምሌን እንዳልረሳት።»